ሳልመታው እንዴት ልቅጣው?

የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ይሆናል። ልጆቹ ከአማቴ ጋር ይውላሉ። ልጄ ከሰርቪስ ወርዶ ቤት ሳይገባ ከብሎካችን ጀርባ ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት መሄድ ለምዷል። ባለፈው ወር ከቦርሳዬ መቶ ብር ወሰደ። ስጠይቀው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ‹አላየሁም› አለኝ። በቻርጀር ገመድ ገረፍኩት። በማግስቱ ጠዋት የሸሚዙን ኮሌታ ላስተካክልለት እጄን ስዘረጋ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ላልመታው ወስኜ እመክረዋለሁ፣ እለምነዋለሁ፤ እሱ ግን ብሶበታል። የቤት ሥራ በጭራሽ አይሠራም። አማቴ ‹ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል፤ አበላሸሽው› ይሉኛል፤ ትንሽ ሲያለቅስባቸው ደግሞ ራሳቸው ስልካቸውን ይሰጡታል። ባለቤቴ በመጣ ቁጥር የተጠራቀመውን በቀበቶ ያወራርድለታል። ለአስተማሪውም ‹እንዳትምረው› ብዬዋለሁ። ሳልመታው እንዴት ልቅጣው? እንዲሁ ከተውኩት ባለጌ ሆኖ ይቀርብኛል ብዬ እፈራለሁ።»

እህቴ፣

ከኮሌታው ልጀምር። ልጅሽ ራሱን በሁለት እጁ ሲሸፍን ያየሽውን አትርሺው፤ በዚያው ደግሞ ራስሽን ስትወቅሺ አትክረሚ። ፀፀት የያዛት እናት ማክሰኞ ትገርፋለች፣ ረቡዕ ኬክ ገዝታ ትገባለች፣ ሐሙስ ያጠፋውን ሁሉ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን ትንሽ ትንሽ አይቼብሻለሁ። ይልቅ ዛሬ ማታ አጠገብሽ አስቀምጪውና ሁለት ነገር ንገሪው፦ «በገመድ መምታቴ ልክ አልነበረም፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ብሩን መውሰድህም ልክ አልነበረም፤ እሱን አንተ ታስተካክላለህ።» ሁለቱን በ«ግን» አታያይዣቸው። «መምታቴ ልክ አልነበረም፣ ግን አንተም አበዛኸው» ካልሽው የሚቀርለት የመጨረሻዋ ብቻ ናት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ክብሩ የሚቀንስ ይመስለናል። እኔ ይቅርታ በመጠየቁ የተናቀ አባትም እናትም አላጋጠመኝም፤ ዝቶ ባለመፈጸሙ የተናቀውን ግን ቤት ይቁጠረው።

አሁን ወደ ዋናው። እናንተ ቤት ቅጣት ጎደለ ሊባል አይችልም፤ ገመዱም፣ ቀበቶውም፣ ቁጣውም አለ። ችግሩ በአንድ ቤት ሦስት ችሎት መሰየሙ ነው፤ ያንቺ፣ የአማትሽና የባለቤትሽ። የምትኖሪው ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ነውና ነገሩ አይጠፋሽም። አንዱ ችሎት የከለከለውን ሌላው ከፈቀደ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከስንት ቀን በኋላ መጥቶ በጅምላ ከፈረደ፣ ተከሳሹ የትኛው ዳኛ መቼ እንደሚሰየም ያጠናል እንጂ ሕጉን አይማርም። ልጅሽ ይህን አጥንቶ ጨርሷል። ዐሥር ሰዓት ላይ አያቱ በለቅሶ እንደሚሸነፉ፣ አንድ ሰዓት ላይ አንቺ ደክመሽ እንደምትገቢ፣ አባቱ ገና ጋላፊ ኬላ ላይ እንደቆመ ያውቃል። ጭንቅላቱ በደንብ ይሠራል ማለት ነው፤ የያዘው ትምህርት ሌላ ሆነ እንጂ።

ቅጣት የሚሠራው ሲከብድ ይመስለናል። በእኔ እምነት የሚሠራው ትንሽ ሆኖ፣ ቶሎ መጥቶ፣ ሳይቀር ሲመጣ ነው፤ በተለይ ሳይቀር ሲመጣ። አምስት ጊዜ አልፎት በስድስተኛው በገመድ የሚገረፍ ልጅ «አምስት ጊዜ ያልፋል» የሚለውን ነው የሚይዘው። ስልክ ሲከለከል አርባ ደቂቃ አልቅሶ በመጨረሻ ከተሰጠው ደግሞ የሚቀጥለው ለቅሶ አርባ አምስት ደቂቃ ይሆናል። የሥነ ባሕርይ ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ያሳየው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል፦ አልፎ አልፎ ብቻ ዋጋ የሚያስገኝ ድርጊት፣ ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያስገኘው ይልቅ ለመተው አስቸጋሪ ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚሠራ ለቅሶ ከሁሉ የከፋው ለቅሶ ነው። ስለዚህ የምትሰጪው ከሆነ ሳያለቅስ ስጪው፤ የማትሰጪው ከሆነ ቤቱ ቢፈርስ አትስጪው።

አማትሽ «እኛ ተመትተን አድገን ምን ሆንን?» ማለታቸው አይቀርም። ይህ ጥያቄ በጥሞና መመለስ አለበት፤ ሰዎች «ዘመኑ ተለውጧል» ብለው ሲያልፉት አልወድም። ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ጨርቆስ ያደገ ሰው አስታውስ ቢባል ኩርኩሙን፣ ቁንጥጫውን፣ የበርበሬ ጭሱን ያስታውሳል። እስቲ ሌላውንም ያስታውስ። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ኳስ የሄደ ልጅ ገና ቤት ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ይደርስ ነበር። ባለሱቁ ያየዋል፣ ጠላ ሻጯ ታየዋለች፣ የማያውቁት አዛውንት «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ከዚያ ሰፈር ዓይን የሚያመልጥ ጥፋት አልነበረም። ያሳደገን እሱ ነው፤ ዱላው በላዩ ላይ የተጨመረ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ይዘጋል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ አይናገርም፤ ዓይኑ ጠፍቶ ዱላው ብቻ ቀረልን። እንግዲህ አማትሽ ልክ ናቸው የምልበት ቦታ እዚህ ነው፦ የድሮው አስተዳደግ ጥብቅ ነበር። ሊመለስ የሚገባውም ጥብቀቱ ነው።

ዱላው ለብቻው ምን እንደሚያመጣ የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ50 ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ፤ በጠቅላላው 160 ሺህ ገደማ ልጆችን የሚመለከቱ ናቸው። የመረመሩት እንደ ገመድና ቀበቶ ያለውን ከባዱን ሳይሆን በመዳፍ ቂጥ መምታትን ነው። እሱ እንኳ ልጁን የበለጠ ታዛዥ ሲያደርገው አልተገኘም። ብዙ በተመቱ ልጆች ዘንድ ጎልቶ የታየው ወላጅን መቃወም፣ ጠበኝነትና የአእምሮ ጤና ችግር ነበር።

መምታት መተው ማለት ግን መልቀቅ ማለት አይደለም፤ አንቺ የተሳሳትሽው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገመዱን ጣልሽና በቦታው ልመና አስገባሽ። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወላጆችን አያያዝ ስታጠና፣ ከቁጡውና ከልሉ ወላጅ ውጪ ሦስተኛ ዓይነት ለይታ አሳይታለች፦ ልጁን የሚሰማና የሚያቀርብ፣ ከሕጉ ግን ንቅንቅ የማይል። ስምንት ዓመት ልጅ አይለመንም፤ አይገረፍምም። ይነገረዋል፣ ካላደረገ የተባለው ይፈጸማል፣ ከዚያ እራት ይቀርባል፣ ወሬ ይወራል። ቂም የለም፣ ማታውን ሙሉ መነዝነዝም የለም። ንዝነዛ ደግሞ በጣም የተለመደ ቅጣት ሆኖ ሳለ ማንም ቅጣት ብሎ አይጠራውም፤ ልጆች ጆሯቸውን የሚዘጉት በሱ ነው።

ሕጎቹን ሁለት ብቻ አድርጊያቸው። «ጨዋ ሁን» ሕግ አይደለም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «አትዙር» ከማለት «ከሰርቪስ ስትወርድ መጀመሪያ ቤት ትገባለህ፣ ዩኒፎርምህን ትቀይራለህ፣ መክሰስህን ትበላለህ» ይሻላል። ሁለተኛው፦ «የቤት ሥራ ሳያልቅ ስልክ የለም።» ይኸው ነው። መሳደቡ፣ ጫማውን መወርወሩ፣ እህቱን መቆንጠጡ ይቆየን፤ መቆንጠጡን እዚያው ታስቆሚዋለሽ፣ ሌላውን ለጊዜው አሳልፊው። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል የሚነሣ ወላጅ በሳምንቱ ይደክመዋል፤ ልጁ ደግሞ አይደክመውም።

የመጀመሪያው ሕግ ሲጣስ ቅጣቱ ከራሱ ከጥፋቱ ይምጣ። ሳያስፈቅድ ፕሌይስቴሽን ቤት ከሄደ በማግስቱ ለጨዋታ ወደ ታች አይወርድም፤ ለአንድ ቀን ብቻ። «ለአንድ ወር ከቤት አትወጣም!» ብለሽ አትዛቺ። በሦስተኛው ቀን አንቺው ራስሽ ዳቦ ግዛልኝ ብለሽ ትልኪዋለሽ፣ ዛቻሽም እዚያው ይሞታል። «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ» እና «ጥዬህ እሄዳለሁ» ደግሞ ከነጭራሹ ከአፍሽ አይውጡ። የመጀመሪያው ውሸት መሆኑን በስምንት ዓመቱ ያውቃል፤ ሁለተኛው ግን ውሸት መሆኑን እርግጠኛ አይሆንም።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ድረስ ራስሽ ሂጂ፤ ልጁን ይዘሽ። የሚያጫውተውን ወጣት ሰላም በዪውና በልጁ ፊት «የኔ ወንድም፣ ይህ ልጄ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንዳታስገባብኝ። ቅዳሜ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል» በዪው። ወጣቱ ገበያው ነውና ቃሉን ላይጠብቅ ይችላል። ቢሆንም ልጅሽ የሚሄድበትን ቦታ፣ የሚያጫውተውንም ሰው እንደምታውቂ አይቷል። የድሮው ሰፈር ዓይን ማለት ይህ ነው፤ አንቺ በእግርሽ ሄደሽ ትሠሪዋለሽ እንጂ አሁን በራሱ አይመጣም። የጥበቃውን ሠራተኛና ታች ያለችውን ባለሱቅም በሰላምታ ያዣቸው። ደግሞ ቅዳሜዋን አትንፈጊው። ጭራሽ የተከለከለ ጨዋታ በስርቆት ይፈለጋል፤ ቀን የተቆረጠለት ይጠበቃል።

ስለ መቶ ብሩ። ማን እንደወሰደው እያወቅሽ «ብሬን ማን ወሰደው?» ብለሽ መጠየቅሽ ውሸቱን ጋበዘው። እሱ በዚያች ቅጽበት የሚመርጠው በእውነትና በውሸት መካከል ሳይሆን በገመድና «ምናልባት ታምነኝ ይሆናል» በሚለው ተስፋ መካከል ነው። ማንም ልጅ ተስፋውን ይመርጣል። ሌላ ጊዜ የምታውቂውን አትጠይቂ፤ ንገሪው፦ «ከቦርሳዬ መቶ ብር ወስደሃል። እንዴት እንደምትመልሰው እንነጋገር።» «ሌባ» የሚለው ስም ቤታችሁ ውስጥ አይጠራ፤ አማትሽም፣ ባለቤትሽም ቢሆኑ በቀልድም አይጥሩት። ልጅ በተጠራበት ስም መልመዱ አይቀርም።

አመላለሱ እንዲህ ይሁን። በየሳምንቱ ቅዳሜ አርባ ብር የኪስ ገንዘብ ይሰጠው፤ ሃያ አምስቱን እዚያው በእጁ ቆጥሮ ቦርሳሽ ውስጥ ያስገባል። በአራት ሳምንት መቶው ይሞላል። «ከኔው ኪስ ወጥቶ ወደ ኔው ኪስ ቢመለስ ምን ይጠቅማል?» ትይኝ ይሆናል። አራት ቅዳሜ የራሱን ብር በገዛ እጁ እየቆጠረ መስጠት ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ስትሰጪውም አትገሥጪው፣ ቆጠራው ራሱ ይበቃል። የቀረችው ዐሥራ አምስት ብር የሱ ናት፤ በምን እንዳዋላት አትመርምሪ። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ በሌላ ጥል መሐል «አንተ እኮ ያኔ ብር ሰርቀህ…» ተብሎ አይከፈትም።

አማትሽን እንዴት ታናግሪያቸዋለሽ? እሳቸው ዐሥር ሰዓት ላይ ያሉ ብቸኛ ሰው ናቸው፤ ያለ እሳቸው አንዱም አይሆንም። በልጁ ፊት «ለምን ስልክ ሰጡት?» አትበያቸው፤ ያን ቀን የሳቸውም፣ ያንቺም ሥልጣን አብሮ ይወድቃል። እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ ታች ሲጫወቱ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ይሁን። እንዲህ ብትያቸው፦ «እማማ፣ ልጁን ብቻዬን አልቻልኩትም። እርስዎ ስንቱን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። እኔ ቢሮ ስሆን ቤቱ የርስዎ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ያግዙኝ፤ የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ስልኩን እንዳይሰጡት። ቢያለቅስም እኔ ነኝ የከለከልኩት ይበሉት፣ በኔ ያሳብቡ።» መጨረሻዋን ቃል አትርሺያት። አያት ልጅ እያለቀሰ ዝም ማለት አንጀቷ አይችልም፤ ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ካሳበበች ግን ትችላለች። ስልኩም እጃቸው ላይ ከሚሆን ልጁ ከሰርቪስ ከመውረዱ በፊት ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ የማይታይ ነገር ብዙ አይለመንም።

ባለቤትሽን ደግሞ ከመምጣቱ በፊት በስልክ አናግሪው። «ቆይ አባትህ ይምጣ!» የምትለው ማስፈራሪያ ከዛሬ ጀምሮ ትቅር። ማክሰኞ ያጠፋና ከስንት ቀን በኋላ ቀበቶ ያረፈበት ልጅ ጥፋቱንና ቅጣቱን አያገናኝም፤ የሚያገናኘው አባቱንና ቀበቶውን ነው። ዛቻው አንቺንም ይጎዳሻል፤ «እኔ አልችልህም» ብለሽ በራስሽ አፍ መስክረሻል። ለባለቤትሽ ንገሪው፦ ያለፈው ሁሉ ተቀጥቶ ተዘግቷል፣ በመጣበት ቀን የሚወራረድ ሂሳብ የለም። ይልቅ ፀጉር ቤት ይዞት ይሂድ፣ መኪናውን ያሳየው፣ ጎማ ሲፈተሽ አብሮ ያቁመው። ከልጁ ጋር እንዲህ ያለ ጊዜ ያለው አባት አንድ ቀን «ይሄ አላስደሰተኝም» ሲል ቃሉ ይሰማል። እምቢ ካለሽና ቀበቶውን ካነሣ ግን በልጁና በእሱ መካከል ግቢ፤ ክርክሩ በኋላ ለብቻችሁ ይሆናል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ክልከላ ነው፤ ከክልከላው የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ልጅሽ ሲያጠፋ ሦስት አዋቂ ይረባረብበታል። ደህና ሲሆን ማን ያየዋል? ዐሥር ሰዓት ላይ ቀጥ ብሎ ቤት የገባ ዕለት «ተመስገን፣ ዛሬ ሰላም ነው» ተብሎ ዝም ይባላል። እኛ ልጅ በፊቱ ሲመሰገን ይባልጋል፣ ዓይን ይገባዋል እያልን ምስጋናን እንቆጥባለን። አለን ካዝዲን የተባለ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከአስቸጋሪ ልጆች ወላጆች ጋር ሲሠራ ዋና መሣሪያው ይህ ነበር፦ የማትፈልጊውን ድርጊት ተቃራኒ ለይተሽ፣ እሱን ባየሽ ቁጥር ወዲያው ማመስገን። በኛ ቋንቋ «ጎሽ» ትበቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን ጨምሪበት። «ጎሽ፣ ዛሬ ከሰርቪስ ወርደህ ቀጥታ ቤት ገባህ!» ብለሽ ራሱን ዳበስ አድርጊው። ያ እጅ ለሌላ ነገርም እንደሚነሣ ይወቀው። «ጎበዝ፣ ምነው ሁልጊዜ እንዲህ ብትሆን» ግን ምስጋና አይደለም፤ መርፌ ያለበት ዳቦ ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ የምትደርሺበትን ሁኔታ ሳስብ የቻርጀሩ ገመድ ለምን እጅሽ እንደገባ ይገባኛል። የሜክሲኮን ሰልፍ ቆመሽ፣ ተጋፍተሽ፣ አራት ፎቅ ወጥተሽ ስትገቢ ደብተሩ እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አትፍረጂ። ጫማሽን አውልቂ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ውኃ ጠጪ። በጣም ከተናደድሽ «አሁን ተናድጃለሁ፣ ከእራት በኋላ እናወራለን» በዪውና ከእራት በኋላ በእርግጥ አውሪ። ካላወራሽ ንዴትሽ ያለ ውጤት የሚያልፍ ዝናብ ሆነ። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መተኛት አለበት ማለት ነው። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ቅጣት የሚፈልግ ልጅ ይመስላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ላይ ይብስበታል። እስከ ዛሬ የሠራለት ለቅሶ ሲከሽፍበት ድምፁን ይጨምራል፣ መሬት ይንከባለላል፣ «አያቴ ትሻለኛለች» ይልሻል። ብዙ ወላጅ ዘዴው አልሠራም ብሎ የሚተወው በዚያች ሳምንት ነው። እዚያ ላይ ከተሸነፍሽ ከበፊቱ የከፋ ለቅሶ አስተማርሽው ማለት ነው፤ ስለዚህ ፋታ ያለሽን ሳምንት መርጠሽ ጀምሪ። ስለ ሴቷ ልጅሽ ብዙ አልልም። አራት ዓመት ልጅ ምክር አይገባትም፤ ስትማታ አንሥተሽ አራት ደቂቃ ከጨዋታው አርቀሽ አስቀምጫት፣ ከዚያ መልሻት። ወንዱ ግን ሌሊት እየባነነ፣ አልጋ እያረጠበ ወይም ከሰው እየሸሸ ከሆነ ነገሩ ከባለጌነት ያለፈ ነውና ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ከዚያ ወደሚመለከተው ሐኪም ይልኩታል።

የቀረው አስተማሪው ነው። «እንዳትምረው» ያልሽውን ቃል ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከመግባትሽ በፊት ሄደሽ አንሺው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል፤ ወላጅ ፈቀደ ተብሎ ይህ አይሻርም። ቤት ውስጥም ቢሆን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማሠቃየትን ያስቀጣል፤ ተገቢ ሥነ ሥርዓት ማስያዝን ለይቶ ቢተወውም ሰንበር የሚያወጣ ገመድ «ተገቢ» ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። አስተማሪውን ሌላ ነገር ለምኚው። የቤት ሥራ መስጠቱን በመገናኛ ደብተሩ በየቀኑ ይጻፍልሽ፤ አንቺም አይተሽ ፈርሚ። የትኛው ትምህርት ላይ እንደሚሰንፍም ጠይቂው። ሁሉም ላይ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ንባብ ላይ ብቻ ከሆነ ወይም ሰሌዳው ላይ ያለውን ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነ ግን የፊት ወንበር ያስቀምጥልሽ፣ አንቺም ዓይኑን አስመርምሪለት።